የመረብ ጠባቂዎች ለምን ሥዕል ይሥላሉ?

ከዲላ ተነሥቶ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ መንገደኛ በመካከሉ የወናጎን ከተማ ያገኛል። አገሩ የእንሰትና የቡና አገር ነው፤ ቡናው ከእንሰቱ ጋር ተሰባጥሮ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ መግባቱ ይታወሳል። በለቀማው ወራት በአካባቢው ባሉት መፈልፈያዎች እሸቱ ተፈልፍሎና ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባሉ አልጋዎች ላይ ይሰጣል። በአልጋውም ግራና ቀኝ የቆሙት ሴቶች እጃቸውን በቡናው ላይ እያንሸራተቱ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የነካውንና የጠቆረውን ፍሬ ይለቅማሉ። በአንድ አልጋ ላይ ያለው ፍሬ ተቈጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከለቃሚዎቹ አንዷም ፍሬውን አንድ በአንድ እያነሣች አትመረምርም፤ ዓይኗ ሁሉንም ባንድነት ያያል፤ ከጓደኞቹ የተለየው ፍሬ ራሱን ያጋልጣል።

ይህን ማንሣታችን ስለ ቡና ለመጻፍ አስበን አይደለም። የኮምፒዩተር መረብን ከሌባና ከአጥፊ የሚጠብቁ ባለሙያዎች ከሃያ ዓመታት በላይ ሲሠሩበት የቆዩትን አንድ ዘዴ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። ዘዴው በአጭሩ ሲነገር፣ በመረብ ላይ የሚመላለሰውን ስፍር ቁጥር የሌለው መልእክት በዝርዝር ጽሑፍ ከማንበብ ይልቅ ወደ ሥዕል ለውጦ በዓይን ማየት ነው።

ነገሩ ወናጎን እንዴት ይመለከታል?

«ይህ የፈረንጆች ጥበብ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛና ለኮሌጅ ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ አስቀድመን መልስ እንስጥበት።

ከአንድ ትውልድ በፊት የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ሸጦ ገንዘቡን ቈጥሮ የሚቀበለው በእጁ ነበር። የመሬቱና የግብሩ መዝገብም በወረቀት ተጽፎ በሣጥን ይቀመጥ ነበር። ሌባ ቢመጣ የሚመጣው በበር ወይም በመስኮት ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳ ኔት የተባለው መረብ የወረዳ አስተዳደሮችን ከበላይ መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት ተዘረጋ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ዲላ የቡና መረከቢያ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆነች። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀምሮ ገንዘብ በስልክ የሚላክበትን መንገድ ከፈተ። የአውሮጳ ኅብረትም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ወደ ገበያው የሚገባው ቡና የበቀለበት ማሳ በምድር ላይ የሚገኝበት ነጥብ ተመዝግቦ እንዲቀርብለት ደነገገ፤ የሚጸናበት ጊዜ ቢራዘምም ምዝገባውን ማዘጋጀት ግድ ሆኗል።

እንግዲህ የገበሬው ገንዘብ፣ የማሳው ስፍራና የግብሩ ሒሳብ ቁጥር ሆነው በሽቦና በአየር የሚጓዙ ሆነዋል ማለት ነው። ሌባውም በዚያው መንገድ ይመጣል። ስለዚህ መንገዱን ማን እንደሚጠብቀውና በምን ዓይን እንደሚያየው ማወቅ ለዋና ከተማ ሰው ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

ፖስታውና ደብዳቤው

በመረብ ላይ የሚላክ ማናቸውም ነገር፣ ፎቶግራፍም ቢሆን የባንክ ትእዛዝም ቢሆን፣ እንዳለ አይሄድም። ፓኬት እየተባሉ በሚጠሩ ትንንሽ ክፍሎች ተቆራርጦ ይጓዝና በመድረሻው ተመልሶ ይገጣጠማል። እያንዳንዱን ፓኬት በፖስታ እንደታሸገ ደብዳቤ ልናስበው እንችላለን። በፖስታው ላይ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻና መልእክቱ የሚገባበት የበር ቁጥር ተጽፈውበታል። ለረጅም ዘመን የተሠራበት አድራሻ ከ0 እስከ 255 ከሚደርሱ አራት ቁጥሮች የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ አቆጣጠር ሊገኙ የሚችሉት አድራሻዎች 4 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ያህል ናቸው። በእያንዳንዱም አድራሻ ከ0 እስከ 65,535 የተቈጠሩ በሮች አሉ። ለምሳሌ ያህል፣ ድረ ገጽ የምናነብበት ምስጢራዊ መስመር በ443ኛው በር ይገባል።

የመረብ ጠባቂው የእያንዳንዱን ፖስታ ሰዓት፣ ላኪ፣ ተቀባይና በር በመዝገብ ያሰፍራል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ትንሽ የሚባል መሥሪያ ቤት እንኳ በቀን በሚሊዮን የሚቈጠር ፓኬት ሊያስተላልፍ ይችላል። አንድ ሰው በደቂቃ 20 መስመር የሚያነብ ቢሆን፣ አንድ ሚሊዮን መስመር ለመጨረስ ሌትና ቀን ሳያርፍ ከ34 ቀን በላይ ያስፈልገዋል። አንብቦ በጨረሰ ጊዜ ሌባው ሥራውን ፈጽሞ ከሄደ ወር አልፎታል። መዝገቡ ሁሉን ይዟል፤ ነገር ግን የሚያነበው የለም።

ዓይን ከዝርዝር ይበልጣል

በዝርዝር ውስጥ የተሸሸገ ነገር በሥዕል ሲገለጥ የታየው በኮምፒዩተር ዘመን ብቻ አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር የኮሌራ በሽታ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎችን ፈጀ። የዚያን ጊዜ ብዙዎች ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን የሟቾቹን ቤት እየጠየቀ አረጋገጠና በሰፈሩ ካርታ ላይ እያንዳንዱን ሞት በአጭር ሰረዝ አመለከተ። ሰረዞቹ በብሮድ ጎዳና በሚገኘው በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ። የሟቾቹ ስም በመዝገብ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ የስም ዝርዝር ፓምፕ አያሳይም። ፓምፑን ያሳየው ካርታው ነው።

የመረብ ጠባቂዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንባቢው በቀላሉ እንዲረዳው አንድ ወረቀት ያስብ። በወረቀቱ ግርጌ ከግራ ወደ ቀኝ በመሥሪያ ቤቱ ያሉትን ኮምፒዩተሮች ይደርድር። በጎኑ ከታች ወደ ላይ የበሮቹን ቁጥር ያሰልፍ። ከዚያም ከውጭ የመጣ ማንኛውም ሰው አንድን በር ባንኳኳ ቁጥር በዚያ ስፍራ አንዲት ነጥብ ያኑር። በደኅና ቀን ነጥቦቹ በታወቁት ጥቂት በሮች ከፍታ ላይ ብቻ ይሰበሰባሉ። አንድ ሌባ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያሉትን በሮች ሁሉ በየተራ እየነካካ ያልተቈለፈውን ቢፈልግ፣ በሥዕሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የቆመ ምሰሶ ይታያል። አንዲት ደካማ በር ብቻ የሚያውቅ ሌላ ሌባ ደግሞ ያችኑ በር በኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ላይ ቢያንኳኳ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ መስመር ይወጣል።

በሌላ ዓይነት ሥዕል ላኪዎች በአንድ ወገን፣ ተቀባዮች በሌላ ወገን ይቀመጡና መልእክቱ በመካከላቸው እንደ ክር ይዘረጋል። ብዙ ኮምፒዩተሮች አድመው አንዱን በመልእክት ብዛት ሊያጥለቀልቁት በተነሡ ጊዜ፣ ክሮቹ የጎጆ ጣሪያ እንጨቶች ወደ አንድ ራስ እንደሚሰበሰቡ ሆነው በአንዲት ነጥብ ላይ ይገጥማሉ። ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው ስቲቨን ላው ይህንኑ ሐሳብ በሦስት አቅጣጫ አስፍቶ አንድ የሚሽከረከር ሣጥን በኮምፒዩተር ሠራ። አንደኛው ጎን የቤቱን አድራሻዎች፣ ሁለተኛው የዓለሙን ሁሉ አድራሻ፣ ሦስተኛው የበሮቹን ቁጥር ይይዛል። በአንድ ታላቅ የኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ ተዘርግቶ የነበረውን መረብ እንቅስቃሴ ለጉባኤተኛው ባሳየ ጊዜ፣ የመረብ ሙያ የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ መስመሮቹን እያመለከቱ «ይህ ምንድን ነው?» ለማለት ቻሉ። የሠራውም ለዚሁ ነበር፤ ሰላማዊ በሚመስለው መረብ ላይ ምን ያህል አንኳኳ እንዳለ ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያየው ብሎ ነው።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የደረሰው ነገር የሥዕልን ጥቅም የበለጠ ያስረዳል። ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ስላመር የተባለ የኮምፒዩተር ትል በዓለም ላይ ተለቀቀ። የትሉ ሙሉ አካል 376 ባይት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከአንድ አጭር ደብዳቤ የማይበልጥ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ቁጥሩ በየ8 ሰከንድ ተኩሉ እጥፍ ይሆን ነበር። በ10 ደቂቃ ውስጥ ለጥቃቱ የተጋለጡትን ኮምፒዩተሮች ከመቶ 90 ያህሉን ያዘ፤ በጠቅላላው የተጐዱት ከ75,000 አላነሡም። በአሜሪካ የባንክ ገንዘብ መክፈያ መኪናዎች ቆሙ፤ የአውሮፕላን ጉዞዎች ተስተጓጐሉ። ይህ ሁሉ ትል የሚያንኳኳው 1434 የሚል ቁጥር ያለውን አንድ በር ብቻ ነበር። በመዝገብ ቢጻፍ በሚሊዮን የሚቈጠር መስመር የሚሆነው ነገር፣ በሥዕል ሲወጣ አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ነው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማረሚያ ከጥቃቱ ስድስት ወር ቀድሞ የተሰጠ መሆኑንም ሳናነሣ አናልፍም።

መኪናም ሥዕል ማየት ተማረ

ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ሥዕል ሲመለከት ሊያድር አይችልም፤ ዓይኑ ይደክማል። ስለዚህ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ መኪናው ራሱ ሥዕሉን እንዲያይ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ የሚመረምር ነበር።

በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሴኦንግ ሱ ኪምና ናራሲምሃ ሬዲ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ የአድራሻዎቹን ቁጥሮች እንደ ሥዕል ነጥቦች አሰለፏቸው። ብዙ ፓኬት የሚያልፍበት ነጥብ ይደምቃል፤ ጥቂት የሚያልፍበት ይደበዝዛል። በየጊዜው የሚነሣው ሥዕል ተከታትሎ ሲታይ እንደ ሲኒማ ፊልም ይሆናል። በፊልም ሥራ አንድ ትእይንት አልፎ ሌላው መጀመሩን ለመለየት የሚያገለግለው ስሌት በመረቡም ላይ ድንገተኛ ለውጥን ለመያዝ ዋለ።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ላክሽማናን ናታራጅና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ባልደረቦቹ ወደ ፖስታው ውስጥ ገቡ። የኮምፒዩተር ጽሑፍ ሁሉ ባይት ከሚባሉ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ አንድ ባይትም ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። እነርሱም 0ን ጥቁር፣ 255ን ነጭ፣ በመካከል ያለውን ግራጫ አድርገው አጥፊ ፕሮግራሞችን ወደ ፎቶግራፍ ለወጧቸው። ያን ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታየ። ከአንድ ቤተሰብ የተወለዱ አጥፊ ፕሮግራሞች ሥዕላቸው የወንድማማች መልክ ነበረው። ከ25 ቤተሰብ የተሰበሰቡ 9,458 ናሙናዎችን በመልካቸው ብቻ ለይተው ከመቶ 98 ያህሉን በየቤተሰባቸው በትክክል መደቡ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በቻይና ዌይ ዋንግና ባልደረቦቹ ይህንኑ በመረብ መልእክት ላይ ሠሩበት። ከእያንዳንዱ ንግግር የመጀመሪያዎቹን 784 ባይቶች ወስደው ቁመቱ 28፣ ወርዱም 28 ነጥብ የሆነ ትንሽ ሥዕል አወጡ። ይህ ልክ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒዩተር በእጅ የተጻፈ ቁጥር ማንበብን የተለማመደባቸው የታወቁ ሥዕሎች በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። እነ ያን ለኩን የፖስታ ቁጥርና የባንክ ቼክ እንዲያነብ ያዘጋጁት የስሌት ዘዴ፣ አሁን ሰላማዊውን መልእክት ከአጥፊው ለመለየት ዋለ ማለት ነው።

ጃፓኖች ደግሞ ሌላ ብልሃት አላቸው። የጃፓን ብሔራዊ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ተቋም ማንም የማይጠቀምባቸውን ባዶ አድራሻዎች ይጠብቃል። ሰው በማይኖርበት ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚያንኳኳ መንገደኛ ወይ ተሳስቷል፤ ወይ የሚዘረፍ ቤት ይፈልጋል። ተቋሙ በእነዚህ ባዶ ቤቶች ላይ የሚደርሰውን አንኳኳ በሚንቀሳቀስ ሥዕል እያሳየ ለሚመለከታቸው ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ሥዕሉ የማይነግረን

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ሥዕልን ከመጠን በላይ እንድናምን ሊያደርገን ይችል ይሆናል። ስለዚህ ድካሙንም መናገር ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ መልእክት በምስጢር ተቈልፎ የሚጓዝ ነው። የተቈለፈ ደብዳቤ ባይቱ ወደ ሥዕል ቢለወጥ እንደ ተበተነ አሸዋ ያለ ቅርጽ የሌለው ግራጫ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚታየው ፖስታው እንጂ ደብዳቤው አይደለም፤ ጠባቂው ከፖስታው መጠን፣ ከሰዓቱና ከመመላለሱ ተነሥቶ መፍረድ አለበት። ሁለተኛ፣ ታጋሽ ሌባ አለ። በቀን አንድ በር ብቻ፣ ያውም በየጊዜው ከተለያየ አድራሻ የሚያንኳኳ ሰው በአንድ ቀን ሥዕል ላይ መስመር አይሠራም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ሥዕሉ እንግዳ ነገር መኖሩን ይናገራል እንጂ ነገሩ ክፉ መሆኑን አይናገርም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በድረ ገጽ በሚለቀቅበት ሰዓት የሚሆነውን ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። ከየአውራጃው የተነሣ መቶ ሺሕ እጅ አንድን በር ባንድ ጊዜ ያንኳኳል። ይህ በሥዕል ሲወጣ ከጠላት ጥቃት ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ክሮቹ ሁሉ በአንድ ነጥብ ይገጥማሉና። ልዩነቱን የሚያውቀው ውጤት የሚወጣበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞም ተማሪው ውጤቱን እስኪያገኝ ንግግሩን ይጨርሳል፤ ብዙዎቹ አጥቂዎች ግን በሩን እያንኳኩ መልስ ሳይጠብቁ ይሸሻሉ። ይህን ለማስተዋል ሥዕሉን ከነምክንያቱ የሚያነብ አእምሮ ያስፈልጋል።

እንግዳ ነገር ሁሉ ከውጭ የሚመጣ አለመሆኑንም በቅርቡ አይተናል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ጉድለት፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዛመተ። የዲላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ለእንግሊዙ ቢቢሲ በሰጠው ቃል፣ ጓደኞቹ ገንዘቡን ያወጡት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ነበረ ተናግሯል። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የተሰነዘረ የመረብ ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ፤ ያለ አግባብ የወጣውም ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተነገረ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ አብዛኛው ገንዘብ ለመመለስ በቃ።

ይህን ታሪክ ከያዝነው ነገር ጋር እናገናኘው። የአንድ ባንክ የ24 ሰዓት እንቅስቃሴ በ24 ሳጥን ተከፍሎ፣ ብዙ የተሠራበት ሰዓት ነጭ፣ ጥቂት የተሠራበት ጥቁር ሆኖ ቢሣል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉት ሳጥኖች በደኅናው ጊዜ መጥቆር አለባቸው። በዩኒቨርሲቲ ከተሞች ያሉት የገንዘብ መክፈያ መኪናዎች በዚያ ሰዓት ነጭ ሆነው ቢታዩ፣ ሥዕሉ ስለ ሌባውም ሆነ ስለ ጉድለቱ ምንም አይናገርም፤ ነገር ግን ተረኛውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ከሥዕል የሚጠበቀውም ይኸው ነው። መቀስቀስ የሥዕሉ፣ መመርመር የሰው ድርሻ ነው።

ደኅና ቀናችንን ማን ይሥልልናል?

ከዚህ ላይ ለአገራችን ወጣቶች ልናስተላልፍ የፈለግነው ዋና ነገር ይገኛል። ከላይ የጠቀስናቸው ዘዴዎች ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይኸውም የደኅናው ቀን መልክ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ደኅናውን የማያውቅ ክፉውን አይለይም። የደኅናው ቀን መልክ ደግሞ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል፣ በሌላ አገር መረብ ላይ የሠለጠነ መኪና ወናጎ ቢተከል ምን እንደሚሆን እናስብ። የቡናው ለቀማ በሚደርስባቸው የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ገንዘቡ በብዛት ይንቀሳቀሳል፤ በሌሎቹ ወራት ይቀዘቅዛል። በገበያ ቀን የሚሆነውም ከሌላው ቀን ይለያል። በዓላችንም ዘመን መለወጫችንም ከፈረንጆቹ ጋር አይገጥምም። መኪናው በኅዳር ወር የሚያየውን ሞቅታ ጥቃት ነው ብሎ ይጮኻል። አሥር ጊዜ በከንቱ ከጮኸ በኋላ ሠራተኛው ድምፁን ይዘጋዋል፤ በአሥራ አንደኛው ጊዜ እውነተኛው ሌባ ይገባል። ኅዳር በጌዴኦ ለምን እንደሚደምቅ ለመኪናው ሊያስተምረው የሚችል የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

ጥቃቱ ደግሞ በምኞት የሚቀር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ አስተዳደር የተባለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ሊይዝ በተቃረበበት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከ10 እስከ 13 ባሉት ቀኖች፣ መነሻቸው ግብጽ የሆኑ ቡድኖች በመንግሥትና በግል ድርጅቶች ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውንና የከፋ ጉዳት ሳይደርስ መክሸፉን አስታውቆ ነበር። የግድቡ ጉዳይ በወንዙ ዳር ብቻ ሳይሆን በመረቡም ላይ ጠባቂ እንደሚያሻው ያን ጊዜ ታየ።

ይሁን እንጂ የሚጠብቅ ዓይን የሚሰልልም ዓይን ሊሆን ይችላል። ፖስታው ብቻ ቢታይ እንኳ ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደ ተነጋገረ ማወቅ የሰውን ገመና ማወቅ ነው። ስለዚህ የሥራው ወሰን በሕግ መታጠር አለበት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንና መልእክት መጥለፍን ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው የግል መረጃ እንዴት መያዝ እንዳለበት ደንግጓል። ጠባቂ ለመሆን የሚያስብ ወጣት ሁለቱን አዋጆች ከሙያው እኩል ሊያጠናቸው ይገባዋል።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ፓኬት ለመመልከት የሚያገለግለው ዋየርሻርክና የመረብ መዝገብ ለመያዝ የሚያገለግለው ዚክ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው። ተማሪው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ፣ ወይም መምህሩ በጽሑፍ በፈቀደለት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የአንድ ሳምንት እንቅስቃሴ ይያዝ፤ ሰዓቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ የበሩን ቁጥር ከታች ወደ ላይ አሰልፎ ነጥብ ያኑር። በመጀመሪያው ቀን የሚያየው ሁሉ እንግዳ ይሆንበታል። በሳምንቱ መጨረሻ ግን የትኛው ነጥብ የስልኩ ማደሻ፣ የትኛው የጓደኛው ፊልም እንደ ሆነ ይለያል። ከዚያ በኋላ አንድ የማያውቀው ነጥብ ቢወጣ ዓይኑ ሳይፈልግ ያገኘዋል።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም የፕሮግራም ሊቅ ባይሆን የሚሠራው አለው። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ስንት እንደ ሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ጋር እንደሚጻጻፉ፣ ግብር የሚሰበሰብበትና ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን መቼ እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ጽፎ ያስቀምጥ። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዲላ የሚላክ ባለሙያ አንድ ችግር ሊመረምር በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በደኅናው ቀን ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ የተዘጋጀ መልስ ያለው ጽሕፈት ቤት የሥራው እኩሌታ ተሠርቶለታል። መልስ የሌለው ግን የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢገዛ፣ መሣሪያው የሚሥልለትን ሥዕል የሚያነብለት አያገኝም።